ቢጫው ሰሌዳ

አዮና ብሬዝዌይት በጠዋት ተነስታ የሳሎኑን መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ ያ ቢጫ ሰሌዳ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው፣ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ከውርርድ ቤቱ ጎን ካለችው ጠባብ መተላለፊያ አፍ ላይ ከመብራት ምሰሶው ጋር ታስሮ ቆሟል። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ የሆነውን ያየ ሰው ካለ ይደውልልን» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ ከስልኩ ሥር የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስም። ተቆጣጣሪ የሚሉት ፖሊስ ሲያጠፋ ፖሊስን የሚመረምረውን ነው። ሥሩ አበባ ተቆልሏል፤ ኳስ የያዙ ልጆች እንኳ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። አዮና ግን ሰሌዳውን ባየች ቁጥር አንጀቷ ቅጥል ይላል። ሐዘን ነው እንዳትሉ። ሐዘንማ አለ፣ የሞተውን ልጅ ጥርስ ሳያወጣ ጀምሮ ታውቀዋለች። የሚያቃጥላት ግን ሌላ ነው፤ ቅናት ነው። ለእሷ ልጅ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አልቆመለትም።

ዛሬ ደግሞ የሞተው ልጅ፣ የኦማሪ፣ ዘጠነኛ ሌሊት ነው፤ ሟች የሚሸኝበት የለቅሶ ሌሊት። ማታ የእናቱ የፐርሊን ቤት ይሞላል፤ ዶሚኖ ይመታል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ሮም የሚሉት አረቄ ይቀዳል፣ የሟቹ ነፍስ መጥታ ድርሻዋን ቀምሳ በሰላም እንድትሄድ ሰሃን ይቀመጥላታል። ዓሣ የሌለበት ዘጠነኛ ሌሊት ደግሞ ዘጠነኛ ሌሊት አይባልም፤ በኤለርቢ ጎዳና ዓሣ የምትጠብሰው አዮና ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ያሳለፈች ሴት ናት። ያ በኮምጣጤና በሽንኩርት ተዘፍዝፎ የሚቀርበው ዓሣዋ፣ ያ እንባ የሚያስረጭ ቃሪያዋ፣ እዚህ ሰፈር ተወርቶ አያልቅም። ፐርሊን ሐዘን ላይ ተቀምጣ እንኳ «ከእህት አዮና በቀር ዓሣዬን ማንም እንዳይነካብኝ» ብላ የቤተ ክርስቲያን ሰው ልካባታለች። እንዲህ ያለውን ነገር እምቢ ማለት አይቻልም። እምቢ ያለ ሰው ነገ በዚህ ጎዳና ቀና ብሎ አይሄድም።

ባሏ ኦስበርት ጓሮ ካለችው ቧንቧ ሥር ቆሞ የዓሣውን ቅርፊት ይፍቃል። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ዱሮም ወሬ አያበዛ፣ ልጃቸው ዌንዴል ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ምላሱን የዋጠ ሰው ሆኗል። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የክሪኬት ሬዲዮው ነው። አዮና በወጥ ቤቱ በር ብቅ ብላ ቅርጫቱን አየችው፤ ቀይ ዓሣ፣ ዓይኑ ገና የሚያበራ፣ የእጅ ክንድ የሚያህል።

«ስንት ገባ?»

«አሥራ አራት ፓውንድ።»

«ኪሎው?»

«ኪሎው።»

«በዌንዴል ጊዜ ስምንት ነበር» አለች። «እሱም ተርፎ የጎረቤት ድመት ነው የበላው።»

ኦስበርት ዓሣውን ገልብጦ በሌላ ጎኑ መፋቅ ጀመረ። እውነቷን ነው፤ የዌንዴል ዘጠነኛ ሌሊት ዝናብ ነበር፣ ከመዘምራኑ ጥቂት ሴቶች መጥተው አንዲት መዝሙር ዘምረው ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሄዱ። ሰው ፈርቶ ነበር። የፖሊስ ነገር ያለበት ለቅሶ ሰው ይፈራል፤ ቴሌቪዥን ካልመጣ በስተቀር። ቴሌቪዥን ከመጣ ግን የማይመጣ የለም። ለኦማሪ የምክር ቤት አባሏ መጥታ ፐርሊንን አቅፋ አልቅሳለች። ወጣቶቹ የልጁ ፎቶ የታተመበት ነጭ ካናቴራ ለብሰው ጎዳናውን ሞልተዋል። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ ለፐርሊን የራሷን ሰው መድቦላታል፤ ፊሊፓ የምትባል ቀጭን ሴት፣ ስሟን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ በየሁለት ቀኑ በትንሿ ሰማያዊ መኪናዋ እየመጣች «ምርመራው እዚህ ደርሷል» እያለች የምትነግራት። አዮና አንድ ጊዜ ሻይ ልታደርስ ሄዳ ፊሊፓ የፐርሊንን እጅ ይዛ አየቻት። ለአዮናማ ማን እጇን ያዘ? ለተቆጣጣሪው ስትደውል የደረሳት በስልክ ውስጥ የምትንቆረቆር ሙዚቃ ነበረች። ዛሬም ያቺ ሙዚቃ ገበያ ውስጥ ከተጫወተች ዕቃዋን ጥላ ትወጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፖሊስ ጋር ተገናኝቶ ብዙም ሳይቆይ የሞተ ሰው ካለ፣ ፖሊስ ራሱ ጉዳዩን ለተቆጣጣሪው መምራት አለበት፤ ሕግ ነው። ኦማሪን ቅዳሜ ዕለት አቁመን አናግረነዋል ብለው ስላመኑ ጉዳዩ በማግስቱ ተመራ። ዌንዴልን ግን «እኛ አላገኘነውም» አሉ። ካላገኙት ግንኙነት የለም፣ ግንኙነት ከሌለ የሚመራ ጉዳይ የለም። አለቀ። ዌንዴል የስኳር በሽተኛ ነበር፤ ስኳሩ ሲወርድ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ያን ምሽት አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሞ ነበር፤ ጠዋት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ዘመድ ወዳጅ በሌለበት ቦታ አግዳሚ ላይ ደርቆ ተገኘ። በእግሩ እዚያ እንደማይደርስ የሚያውቀው ሁሉ ያውቃል። ሰክሯል ብለው ጭነው ወስደው ከሰፈር አርቀው እንደጣሉት አዮና ልቧ ያውቃል፤ ልብ ግን ምስክር አይሆንም።

ምስክርማ ነበረ። ኦማሪ ራሱ ነበር። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ መንገድ ላይ አስቆማት። «አክስቴ አዮና፣ እኔ አይቻለሁ። ዌንዴል ፖሊስ መኪና ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ» አላት። አዮና በማግስቱ ለባብሳ፣ ልጁን ይዛ ልትሄድ የፐርሊንን በር አንኳኳች። ፐርሊን በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍታ «ልጄ ያየው ነገር የለም» አለቻት። ከኋላዋ ልጁ ደረጃው ላይ ቆሞ ይታያል። «የለም አልኩሽ እኮ!» በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በአንድ መዘምራን ውስጥ አራት ዓመት ጎን ለጎን ቆመው ዘመሩ። ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ፣ ያቺን በር ግን አንድም ቀን አላነሧትም። አሁን ኦማሪ ሲሞት የዌንዴልም ምስክር አብሮ ሞተ፤ ይህንንም ቢሆን ያሰላሰለ ሰው አዮና ብቻ ናት።

ዘይቱ ግሎ መንጫጫት ጀመረ። አዮና ዓሣውን አንድ በአንድ ስትከት ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች፤ ከዘይቱ ይልቅ ግን ከራሷ ሐሳብ ነበር የምትሸሸው። ምክንያቱም አይታለች። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤቷን የላይኛውን ፎቅ መስኮት በኮምጣጤና በጋዜጣ እየወለወለች ነበር፤ ሁሉን ነገር ከላይ ሆና እንደ ቲያትር አየችው። ሁለቱ ፖሊሶች ኦማሪን መተላለፊያዋ አፍ ላይ ሲጥሉት፣ አንደኛው በጉልበቱ ጀርባው ላይ ሲወጣበት፣ የልጁ ቆብ ተንከባሎ መንገድ ላይ ሲወድቅ፣ የልጁ እግር መሬቱን ሲደበድብ፣ ቀስ እያለ ሲደክም አየች። ከዚያ አንስተው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። ጎልማሳው ፖሊስ ቆቡን አንስቶ ራሱ ላይ አደረገለትና ጉንጩን መታ መታ አድርጎት ሄደ። ኦማሪ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ቤቱ ተራመደ፤ ከእናቱ ኮሪደር አላለፈም፣ እዚያው ወድቆ ሞተ። ፖሊሶቹ «እጃችንን አላሳረፍንበትም፣ ደህና ሆኖ በእግሩ ሄዷል» ብለዋል፤ ደረታቸው ላይ ያለው ካሜራም አልተከፈተም ነበር አሉ። ሐኪሙ ጀርባው ላይ ሰምበር አግኝቷል። ሰምበር ግን ማን እንዳወጣው አይናገርም።

በማግስቱ ፊሊፓ በር በር እያንኳኳች ስትመጣ አዮና በሩን ከፍታ «ያየሁት ነገር የለም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከየት እንደተማረችው አወቀችው፤ የፐርሊን ቃል ነበር። አንድ ዓይነት ጣፋጭ ነገር ምላሷ ላይ ተሰማት፣ ይኸው ቅመሺው የሚል ነገር። ኦስበርት ወጥ ቤት ተቀምጦ ሰምቷል። ፊሊፓ ከሄደች በኋላ ኩባያውን አስቀምጦ፣ «መስኮቱ ግን በጣም ጸድቷል» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ሌሊት ግን ጀርባውን ሰጥቷት ነው የሚተኛው።

ከሰዓት በኋላ ዓሣው አልቆ፣ ሽንኩርቱና ካሮቱ ኮምጣጤውን ጠጥቶ፣ በሁለት ትልልቅ ትሪ ተደረደረ። አዮና አንዱን ያዘች፣ ኦስበርት ሌላውን። መንገዱን ሲሻገሩ ኮፍያ ያጠለቀ ሠራተኛ ከሰሌዳው ሥር ተንበርክኮ ሰንሰለቱን ይፈታ ነበር። አዮና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን እያደረግክ ነው ልጄ?»

«ዛሬ ይነሳል እማማ። ታዘን ነው። የሚደውል ሰው የለም አሉ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር እኮ! ከቆመ ጀምሮ ይነቀል ስትል የነበረችው ሰሌዳ ነው። ግን ደስታው አልመጣም። ኦስበርት ትሪውን እንደያዘ ሳያያት «ዓሣው ይቀዘቅዛል» ብሏት ቀድሟት ሄደ። እሷም እየሄደች በልቧ አንድ ነገር ቆረጠች። እሺ፣ ትናገራለች። በነፃ ግን አትናገርም። ፐርሊንን ወጥ ቤት ለብቻዋ ታገኛትና «ልጅሽ ስለ ልጄ ያየውን ተናገሪ፣ እኔም ስለ ልጅሽ ያየሁትን እናገራለሁ» ትላታለች። ምን ነውር አለው? ለሁሉም የሚገባው ነው። ሰሌዳ አግኝታ፣ ካሜራ አግኝታ፣ እጇን የሚይዝ ሰው አግኝታ ምስክርም በነፃ ታግኝ እንዴ!

የፐርሊን ቤት በር ክፍት ነበር። ፎቅ ላይ ወንዶች የኦማሪን አልጋ ገልብጠው ፍራሹን ያዞራሉ፣ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይጎትታሉ፤ ነፍሱ ክፍሏን አላውቀውም ብላ መንገዷን እንድትቀጥል ነው። ኮሪደሩ አበባ አበባ ይሸታል። መስቀያው ላይ ያ ቆብ ተሰቅሏል፣ ሰማያዊ፣ አቧራው ሳይራገፍ። ሁለት አሮጊቶች ሥሩ ቆመው ፐርሊን ለመጣ ሰው ሁሉ የምትለውን ይቀባበላሉ፤ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ቆቡን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚያደርገው፣ ያን ቀን ግን ወደ ፊት አድርጎት ነው የገባው፣ ምን ነክቶት ይሆን እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አዮና ቆቡን ላለማየት ትሪዋን አየች።

ወጥ ቤት ውስጥ ፐርሊን ብቻዋን ነበረች። ያቺ የሰፈሩ ደንዳና ሴት፣ ወፍራም ሳቋ ከአውቶቡስ ማቆሚያ የሚሰማው፣ ቀሚሷ ውስጥ ጠፍታለች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ለሟቹ የሚሆነውን ታዘጋጃለች፤ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ትንሽ ሮም። ከዓሣው ትልቁን መርጣ አንዱ ሰሃን ላይ አደረገች፣ ሁለተኛውን ደግሞ መርጣ ሌላ ሰሃን ላይ አደረገች። አዮና ስታይ ያው የለመደችው እሳት ተነሣባት። ለሟች አንድ ሰሃን ነው ደንቡ። ይቺ ሴት ለሬሳዋ እንኳ ድርብ ይገባታል?

«ሁለት ሰሃን ምን ያደርጋል?» አለች።

«አንዱ የኦማሪ ነው።»

«ሌላውስ?»

«የዌንዴል ነዋ» አለች ፐርሊን፣ ቀና ሳትል። «ኦማሪ ብቻውን እንዴት ይመጣል? ሕፃን ሆኖ በሱ ትከሻ ተቀምጦ አይደለም እንዴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የነበረው?» ሽንኩርቱን በጣቷ አስተካከለች። «የሱ ዘጠነኛ ሌሊት እኔ አልመጣሁም። መብራት አጥፍቼ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ የዓሣሽን ሽታ አሸተትኩ።»

አዮና ያዘጋጀችውን ንግግር ረሳችው። ልትናደድ ፈለገች፤ «አሁን ነው ዌንዴል የታየሽ?» ልትላት አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ፊሊፓ በሩን ቆርቆር አድርጋ ገባች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሰላምታ ሰጥታ፣ ለሐዘንተኛ ክፉ ወሬ የሚያመጣ ሰው እንደሚያደርገው መጀመሪያ ስለ ዓሣው ጥሩ ሽታ ተናገረች።

«ወይዘሮ ፐርሊን፣ ሰሌዳውን እያነሳነው ነው። ሳልነግርዎ ከውጭ እንዲያዩት አልፈለግኩም። ያየ ሰው ካልተገኘ በእጃችን ያለው የሁለቱ ፖሊሶች ቃል ብቻ ነው። በዚያ ክስ አይመሠረትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ፐርሊን እጇን በልብሷ ጠረገች። ታለቅሳለች ብለው ሲጠብቁ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሺ» አለች። «ሳትሄጂ ግን አንድ ነገር ጻፊልኝ። ስለ ልጄ አይደለም።» በአገጯ ወደ አዮና አመለከተች። «ስለሷ ልጅ ነው። ዌንዴል ይባላል። አራት ዓመት ሆኖታል። ፖሊስ አላገኘነውም ብሎ ጉዳዩን አልመራላችሁም። አግኝተውታል። ኦማሪ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ መኪና ውስጥ ሲያስገቡት አይቷል፣ ከኋላ አንዱ መብራቱ የማይበራ መኪና፣ ያን ምሽት መጥቶ ነግሮኛል። አፉን የለጎምኩት እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ይመጡበታል ብዬ ፈራሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እነሱ እንደሆነ መጡበት። ጻፊ። በስሜ ጻፊ፣ አምላክ ፊት ብታቆሚኝ ይህንኑ እላለሁ።»

ፊሊፓ ቀስ ብላ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ከሟች የተሰማ ቃል ነው፣ ብዙ ተስፋ አልሰጥም» አለች። «ግን ግንኙነት ነበረ ብሎ የሚናገር ሰው አለ ማለት ነው። ጉዳዩ እንዲመራልን ለመጠየቅ ይበቃል።»

አራት ዓመት ሙሉ አዮና ይህችን ቃል በሕልሟ ሰምታታለች። እልል የምትልበት፣ የምትወድቅበት፣ ፈጣሪዋን የምታመሰግንበት ቀን ይሆናል ብላ ነበር። አሁን ግን መሐል ወጥ ቤት ቆማ የተሰማት፣ ወይ ጉድ፣ ያው ቅናት ነው፤ ከበፊቱ ሁሉ የከፋ ቅናት። እሷ ዋጋ ቆርጣ መጥታ ነበር፤ ይቺ ሴት ዋጋውን ሳትጠየቅ፣ ሳትደራደር፣ የራሷ ልጅ ጉዳይ በሞተበት ሰዓት አውጥታ ሰጠቻት። በሰሌዳ ቀደመችኝ፣ በካሜራ ቀደመችኝ፣ በሰው ቀደመችኝ፣ አሁን ደግሞ በዚህ ቀደመችኝ! ጉንጯ ከዘይቱ የባሰ ጋለ። ቀና ስትል ኦስበርት ባዶ ትሪውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት።

«ያን ሰውዬ ሰሌዳውን መልሰህ እሰረው በለው» አለችው። ኦስበርት ትሪውን ደረጃው ላይ ጥሎት ጉልበቱ እያመመው ሮጠ። አዮና ወደ ፊሊፓ ዞረች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ያን ቅዳሜ የላይኛውን መስኮት እየወለወልኩ ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ። ቆቡን ልጁ አይደለም ያደረገው፤ ወድቆ ነበር። ፖሊሱ ነው አንስቶ ያደረገለት፣ ከጀርባው ላይ ከተነሣ በኋላ። ለዚያ ነው ወደ ፊት የሆነው።»

የፊሊፓ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ከፎቅ ወንዶቹ ቁም ሣጥኑን ሲጎትቱ ጣሪያው ይንኳኳል። ፐርሊን አዮናን አየቻት፣ ከእግሯ እስከ ራሷ፣ ዛሬ ገና እንዳወቀቻት ሁሉ።

«ዘጠኝ ቀን?» አለች።

«ዘጠኝ ቀን» አለች አዮና። «አንቺ አራት ዓመት።»

 ከዚያ ፐርሊን በእግሯ ጎኗ ያለውን ወንበር ከጠረጴዛው ሥር ገፋ አድርጋ አወጣችው፤ ሁለቱ ሰሃኖች ካሉበት ፊት ለፊት ነበር።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ከመጀመሪያው ጀምሪ። እኔም ልስማው።»